የሐበሻዊቷ የኡሙ አይመን ታሪክ፤ በሥራ መካከል አላህን ስለ ማሰብ

ፈጥሮ ላልረሳን፣ መግቦ ላልሰለቸን፣ በብርሃንም በጨለማም ለሚያየን አላህ ምስጋና ይድረሰው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰዎቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

አንባቢ ሆይ! በጂንካ ከተማ የቅዳሜ ገበያ ሲቆም ዐይተሃል። የአሪ ገበሬ ቡናውንና ኮረሪማውን ተሸክሞ ከደጋው ይወርዳል። ከቆላው የሚመጣው የሐመርና የበና ሰው ማሩንና ቅቤውን፣ ፍየሉንም ይዞ ይደርሳል። አንተም በሱቅህ ደጃፍ ጨውና ሳሙና፣ ጨርቅና ዶቃ ዘርግተህ ትቀበለዋለህ። ሚዛኑ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ሻጭና ገዥ ሲከራከሩ፣ የዙህር አዛን ይሰማል። በዚያች ሰዓት ልብህ ወዴት ነው?

ከነጋዴ ወገን ይህ ጥያቄ ሲቀርብለት፣ እርሱ የገበያ ሰው መኾኑን፣ አላህን ዘወትር ማሰብ የዓሊሞችና የሸኾች ዕጣ መኾኑን፣ ለእርሱ ጁሙዓና ረመዳን እንደሚበቁት የሚመልስ ብዙ ነው። ባለቤቱም በበኩሏ ከማድቤት ጢስና ከልጅ ልቅሶ መካከል ለዚክር የሚተርፍ ጊዜ እንደሌላት ትናገራለች። እንደዚህ የሚያስቡ ሰዎች አላህ ባሪያውን የሚያየው በመስጊድ ውስጥ ብቻ፣ ከመስጊድ ሲወጣም የሚተወው ይመስላቸዋል። ከእነርሱ ጋር ክርክር አንገጥምም፤ ይልቅስ የአንዲት ሴት ታሪክ እንነግርሃለን። እኚህ ሴት መጽሐፍ አልጻፉም፤ በሚንበር ላይ ቆመው አላስተማሩም። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ልጅ በማዘል፣ ዱቄት በመንፋት፣ ውሃ በማጠጣት ነው። የተወለዱትም ከእኛው ከሐበሻ ወገን ነው። ስማቸው በረካ ሲኾን፣ ዓለም የሚያውቃቸው ኡሙ አይመን ተብለው ነው። ኢብን ሰዕድ በጠበቃት መጽሐፋቸው ታሪካቸውን በሰፊው አትተዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊምም ስለ እርሳቸው ዘግበዋል። ከዐረብኛው ስንመልሰው፣ ለአገራችን ሰው እንዲቀርብ በየስፍራው ጥቂት ቃል ጨምረንበታል።

በረካ በመካ በዐብደላህ ኢብን ዐብዱልሙጠሊብ ቤት ባሪያ ነበሩ። ይህን ቃል በችኰላ አትለፈው። በአሪና በጎረቤቶቹ አገር ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ሰው ከአባቱ ቤት እየተነጠቀ ይነዳ እንደ ነበር፣ የደቡብ ኦሞ ሽማግሌዎች ከወላጆቻቸው ሰምተዋል። ባርነት በኢትዮጵያ በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ከአገሯ ርቃ በሰው ቤት የምታገለግል ልጅ ምን እንደ ኾነች ለዚህ ምድር ሰው ማስረዳት አያሻም። ዐብደላህ ልጃቸው ሳይወለድ ሞቱ። ያወረሱትም አምስት ግመሎችን፣ ጥቂት በጎችንና በረካን ነበር። የዓለም መሪ የሚኾነው ሕፃን በተወለደ ጊዜ፣ የአባቱ ርስት ተብላ የተቈጠረች አንዲት ሐበሻዊት ልጅ በቤቱ ውስጥ ነበረች።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ እናታቸው አሚና የአያታቸውን የናት ወገኖች ሊያስጠይቋቸው ወደ የሥሪብ ይዘዋቸው ወጡ፤ በረካም አብረው ነበሩ። ሲመለሱ አሚና አብዋእ በምትባል ስፍራ ታመው ሞቱና በዚያው ተቀበሩ። አንባቢ ሆይ፤ አስተውል። በመካና በመዲና መካከል ባለው በረሓ፣ ሁለት ግመሎች፣ አንድ የሙት ልጅ፣ አንዲት ባሪያ ቀሩ። የሚቈጣጠራት ጌታ፣ የምትፈራው ዘበኛ አልነበረም። ልጁን ለመንገደኛ ትታ መንገዷን ብትሄድ ማን ይከሳት ነበር? በረካ ግን ልጁን ይዘው፣ ግመሎቹን እየነዱ፣ መካ ገብተው ለአያቱ ለዐብዱልሙጠሊብ አስረከቡ። የቁርኣን አንዲት አንቀጽ ገና አልወረደችም፤ ሰላት አልተደነገገም። ነገር ግን ሰው በማያይበት ስፍራ አደራ የሚጠብቅ ልብ ከወዲሁ ተሰጥቷቸው ነበር። ነጋዴ ወንድሜ ሆይ! የገጠር ሰው ማንበብ ሳያውቅ በሚዛንህ ፊት ቆሞ ፊትህን ሲያይ፣ ከአንተና ከእርሱ በቀር በሱቁ ውስጥ ሰው ሳይኖር፣ አንተም በአብዋእ በረሓ ላይ ነህ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አያትየውም ሞቱ። ልጁ ከአስከሬኑ በስተ ኋላ እያለቀሰ ሲሄድ ማየታቸውን በረካ በእርጅናቸው ያወሱት ነበር። ደግሞም ነቢዩ በልጅነታቸው ስለ ረኃብም ስለ ጥማትም ሲያጉረመርሙ ከቶ ሰምተዋቸው እንደማያውቁ፣ ጧት ከዘምዘም ጠጥተው ምሳ ሲቀርብላቸው ጠግቤአለሁ እያሉ ይተዉት እንደ ነበረ መስክረዋል። ይህን ማን ሊያውቅ ይችል ነበር? ሊቃውንት በኋላ መጥተው የነቢዩን ነገር በብዙ ድካም ሰበሰቡ፤ የልጅነታቸውን ማዕድ ያየችው ግን ሳሕኑን የምታነሣዋ ናት። በየቀኑ ከሚደጋገም አገልግሎት መካከል ልብ ብላ ያየች እርሷ ናት።

ነቢዩ እ.ኤ.አ. በ595 ግድም ኸዲጃን ባገቡ ጊዜ በረካን ነፃ አወጧቸው። እርሳቸውም ዑበይድ የሚባል ሰው አግብተው አይመንን ወለዱ፤ ኡሙ አይመን የተባሉትም በዚህ ልጅ ነው። በኋላም ነቢዩ ከጀነት ሰዎች የኾነች ሴት ማግባት የሚወድ ሰው ኡሙ አይመንን ያግባ ብለው በማመልከታቸው፣ ዘይድ ኢብን ሓሪሣ አገቧቸውና ኡሳማ ተወለደ። ኡሳማ መልኩ እንደ እናቱ ጥቁር፣ አባቱ ግን ቀይ ስለ ነበሩ፣ ወሬኞች ስለ ልጁ ዘር ያሙ ነበር። አንድ ቀን አባትና ልጅ ራሳቸውን በአንድ ልብስ ሸፍነው እግራቸው ብቻ ወጥቶ ተኝተው ሳለ፣ የሰውን ዘር ከአካሉ በመለየት የታወቀ ሙጀዚዝ የሚባል ሰው አልፎ ዐያቸውና እነዚያ እግሮች የአንድ ዘር መኾናቸውን ተናገረ። ነቢዩም በዚህ እጅግ ተደስተው፣ ፊታቸው እያበራ ለዓኢሻ አወሩላቸው። በቆዳ ቀለም ሰውን የሚንቅ ሙስሊም ይህን ታሪክ ደጋግሞ ያንብበው።

በስደቱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ622 ከመካ ወደ መዲና ሲፈልሱ ስለ ደረሰባቸው ነገር ኢብን ሰዕድ የዘገቡት አለ። በረውሓእ አጠገብ መሸባቸው። ጾመኛ ነበሩ፤ ውሃም አልነበራቸውም፤ ጥማቱም አደከማቸው። ያን ጊዜ በነጭ ገመድ የታሰረ የውሃ ባልዲ ከሰማይ ወረደላቸውና እስኪረኩ ጠጡ። ከዚያ በኋላ በብርቱ ሙቀት ቀን ሲጾሙ እንኳ ጥማት አላገኛቸውም። በቱርሚ በኩል የተመላለሰ ነጋዴ የጥማትን ነገር ያውቃል፤ የሐመር ሴቶች በበጋ የደረቀውን ወንዝ አሸዋ በእጃቸው እየቈፈሩ ከሥሩ በቅል የሚቀዱትን ውሃ ዐይቷል። ያ ባልዲ ለእኛ አልወረደልን ይኾናል። ነገር ግን ከአሸዋ ሥር የሚመነጨውን ውሃ ማን በዚያ አኖረው? ከሰማይ በገመድ የወረደውን ሰምቶ የሚደነቅ ሰው፣ ጧት ከነሪ ወንዝ ተቀድቶ ደጁ ድረስ የመጣለትን ጀሪካን ሳያመሰግን ይከፍታል። ኡሙ አይመን ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ውሃ የሚያጠጡ ሴት ነበሩ። በኡሑድ ዘመቻ በ3ኛው ዓመተ ሒጅራ ለተዋጊዎች ውሃ ያቀርቡ፣ ቁስለኞችንም ያክሙ ነበር። ሰዎች ሲሸሹ ባዩ ጊዜም በፊታቸው ላይ ዐፈር በትነው፣ እንዝርቱን ይዘው ሰይፉን እንዲሰጧቸው ነገሯቸው። በኸይበርም ተገኝተዋል።

አሁን ወደ ማድቤት እንግባ፤ ከታሪካቸው ሁሉ እኛን ይበልጥ የሚያስገርመን በዚያ የተደረገው ነውና። በኢብን ማጃህ እንደ ተዘገበው፣ አንድ ቀን ኡሙ አይመን ዱቄት በወንፊት ነፍተው ለነቢዩ ቂጣ ጋገሩ። የዐረቦች ልማድ የገብሱን ዱቄት ከነገለባው መጋገር ነበርና፣ ነቢዩ ምን እንደ ኾነ ጠየቋቸው። ኡሙ አይመንም በአገራቸው የሚሠራ ምግብ መኾኑን፣ ከእርሱም ለነቢዩ አንድ ቂጣ ሊጋግሩላቸው መውደዳቸውን ነገሯቸው። ነቢዩም የተነፋውን ፉርሽካ ወደ ዱቄቱ መልሰው እንዲያቦኩት አዘዙ።

አንቺ የቤት እናት ሆይ፤ ከዚህ ላይ ጥቂት ቆዪ። ሴትዮዋ ከሐበሻ ምድር ከወጡ ዐርባና ዐምሳ ዓመት አልፏል። ቋንቋው፣ ወንዙ፣ ዘመዱ ሁሉ ቀርቷል፤ የአገራቸው እጅ ግን በወንፊቱ ላይ አለ። ያንንም የቀረ ነገር፣ ያሳደጉት ልጅ ለኾነው ለአላህ መልእክተኛ አቀረቡት። ነቢዩም አልነቀፏቸው፤ ብቻ ቅንጦት የሌለበትን፣ የድኻ ሰው የሚበላውን ዐይነት መረጡ። በአንድ የዱቄት ገበታ ላይ ናፍቆትም፣ ፍቅርም፣ የሃይማኖት ትምህርትም ተገኘ። ሊቃውንት ኢሕሳን የሚሉት ነገር አላህን እንደምታየው ኾነህ መገዛት፣ አንተ ባታየው እርሱ እንደሚያይህ ማወቅ ነው። ብዙ ሰው ይህን በሌሊት ሰላት ብቻ ይፈልገዋል። እነሆ በወንፊትም ውስጥ አለ። በቆሎውን ስትፈጪ፣ ለቤተ ሰብሽ የሚበቃውን ስትለኪ፣ ለጎረቤት ድኻ አንድ ቂጣ ስትለዪ፣ በቢስሚላህ ከጀመርሽው ሥራሽ ከዒባዳ ይቈጠርልሻል።

በቤትሽ ውስጥ ያለችውን ሠራተኛም አስቢ። ከገጠር መጥታ፣ በሰው ቤት አድራ፣ ልጅሽን የምታዝለውን። ነቢዩ ኡሙ አይመንን ከእናታቸው ቀጥሎ እናታቸው እንደ ኾኑ ይናገሩ፣ ቤታቸው ድረስ ሄደው ይጠይቋቸው ነበር። ሙስሊም እንደ ዘገቡት፣ አንድ ቀን ነቢዩ ከአነስ ጋር ሄደው ሳለ ኡሙ አይመን የሚጠጣ አቀረቡላቸው፤ ነቢዩ ጾመኛ ኾነው ወይም ሳያሰኛቸው ቀርተው ባይጠጡ፣ ሴትዮዋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተቈጧቸው። እናት ልጇ አልበላ ሲላት የምትቈጣውን ቍጣ ማለት ነው። መልእክተኛውም ታገሡ። የቤት ሠራተኛዋ ድምፅዋን ከፍ ብታደርግ ዛሬ ማን ይታገሣታል?

ኡሙ አይመን ዝምተኛ ሴት እንዳልነበሩ ከዚህ ይታወቃል። አንድ ጊዜ ከነቢዩ ዘንድ መጥተው የሚጫን ግመል ለመኑ። ነቢዩ በግመል ልጅ ላይ እንደሚያስቀምጧቸው ነገሯቸው። እርሳቸውም ግልገሉ እንደማይችላቸውና እንደማይፈልጉት ቢናገሩ፣ ነቢዩ በግመል ልጅ ላይ እንጂ በሌላ እንደማያስቀምጧቸው ደግመው ነገሯቸው፤ ግመል ሁሉ የግመል ልጅ ነውና። ነቢዩ ሲቀልዱም እውነት እንጂ ሌላ አይናገሩም ነበር። በሌላ ጊዜም፣ አንሷሮች ለነቢዩ የሰጧቸው የተምር ዛፎች ለባለቤቶቹ ሲመለሱ፣ ለኡሙ አይመን የደረሰውን የአነስ ወገኖች ጠየቁ። ኡሙ አይመንም ልብሱን በአነስ አንገት ላይ አጥብቀው፣ አልሰጥም ብለው ማሉ። ነቢዩ ይህን ያህል እሰጥሻለሁ እያሉ ዋጋውን እስከ ዐሥር እጥፍ ግድም ከፍ አድርገው አስደሰቷቸው። ነቢዩ በግድ ማስለቀቅ ሲችሉ፣ የአሮጊቷን ልብ ሳይሰብሩ የሰውን ሐቅ መለሱ። ይህን ነገር ለነጋዴ ማብራራት አያስፈልግም፤ ክርክርን በልግስና መጨረስ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቀዋልና።

ከሁሉም በላይ ለደቡብ ኦሞ አንባቢ የሚቀርበው የአንደበታቸው ነገር ነው። ኡሙ አይመን ዐረብኛ ተናገሩ እንጂ ምላሳቸው አልተገራም ነበር። ሰላምታ ሲሰጡ ቃሉን አዛብተው፣ ሰላም በእናንተ ላይ አይሁን የሚል ትርጉም እስኪሰጥ ድረስ ይሉት ስለ ነበር፣ ነቢዩ ሰላም ብቻ እንዲሉ ፈቀዱላቸው። በሑነይን ቀንም አላህ እግራችሁን ያጽናላችሁ ብለው ለሙስሊሞች ዱዓ ሲያደርጉ ፊደሉ ተለወጠባቸው፤ ነቢዩም ምላሳቸው እንደሚከብዳቸው ጠቅሰው ዝም እንዲሉ በለዘብታ ነገሯቸው። ከመጀመሪያዎቹ አማኞች አንዷ፣ የነቢዩ አሳዳጊ፣ የጀነት ሴት ናት የተባሉት፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሰላምታውን እንኳ አሟልተው ሳይሉት ኖሩ። አላህ ግን ሰማቸው።

በጂንካ ገበያ ስንት ቋንቋ እንደሚነገር ቍጠር፤ አሪኛው፣ ሐመርኛው፣ ማልኛው፣ ፀማይኛው። ከዚያ የሚመጣ ሰው ዐማርኛው ሲሰባበርበት የሚስቅ ነጋዴ አለ። ስቆም አያበቃም፤ ሰውየው ሒሳቡን በቋንቋህ መከራከር አለመቻሉን ዐይቶ ከማሩ ዋጋ የሚቀንስ፣ እርጥብ ነው ብሎ ከቡናው ኪሎ የሚያጐድል አለ። የመድረሳው ተማሪም ከገጠር ለመጣ ጎልማሳ ፋቲሓ ሲከብደው ያፌዝበታል። እነዚህ ሰዎች ቢያውቁት፣ የሚስቁት በኡሙ አይመን ምላስ ላይ ነው።

በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ማለት እ.ኤ.አ. በ629 እና በ630፣ ኀዘን ተደራርቦ መጣባቸው። ባላቸው ዘይድ በሙእታ ጦር መሪ ኾነው ወደቁ። ወራት ሳይቈጠር ልጃቸው አይመን በሑነይን ጸንተው ከተዋጉት ጋር ተሰዋ። ኡሳማ ቀረላቸው። እርሱም በ11ኛው ዓመት ገና ወጣት ሳለ የጦር አዛዥ ተደርጎ ከመዲና ውጭ ሰፍሮ ነበር፤ ነቢዩ በሞት አፋፍ ላይ መኾናቸውን መልእክተኛ ልከው ያስታወቁት እናቱ ናቸው። በአብዋእ መንገድ ላይ የያዙትን ልጅ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አልለቀቁትም።

ከነቢዩ ሞት በኋላ አቡበከር ዑመርን ይዘው፣ ነቢዩ ያደርጉት እንደ ነበረው ኡሙ አይመንን ሊጠይቁ ሄዱ። በደረሱ ጊዜ አለቀሱባቸው። ሁለቱም የሚያጽናኑ መስሏቸው፣ በአላህ ዘንድ ያለው ለመልእክተኛው ከዚህ ዓለም እንደሚሻል አሳሰቧቸው። ኡሙ አይመን ግን ይህን ማወቃቸውን፣ የሚያለቅሱትም በሌላ ነገር መኾኑን ነገሯቸው፤ ከሰማይ ይመጣ የነበረው ወሕይ ስለ ተቋረጠ ነው። ይህን ሲሰሙ ሁለቱ ታላላቅ ሰዎች አብረዋቸው አለቀሱ።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ልቅሶ መርምረው። የከበረ ኸሊፋ ከፊታቸው ተቀምጧል፤ ሌላው ኸሊፋ ለመኾን የተጻፈለት ነው። ስለ ወሕይ ማቋረጥ ያስታወሰቻቸው ግን ዱቄት የምትነፋዋ አሮጊት ናት። ለእርሳቸው የሰማይ ቃል እንደ ጧት ጭስ፣ እንደ ማታ መብራት የቤታቸው ነገር ነበር። አንድ ሰው ስለ ጾም ይጠይቃል፤ አንዲት ሴት ስለ ባሏ ታማርራለች፤ በሰፈሩ ውስጥ መልስ ከሰማይ ይወርዳል። ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ የኖረ ሰው በአንድ ቀን ዝምታ ሲኾን ምን ይሰማዋል? እኛ ግን ከዚያ ዝምታ በኋላ የተወለድን ነንና ዝምታ መኾኑን እንኳ አናውቀውም። ለእኛ የቀረልን የወረደው ቁርኣን ነው፤ እርሱም በብዙ ሱቅ ውስጥ በመደርደሪያው ጫፍ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ አቧራ ለብሷል።

ዑመር በ23ኛው ዓመተ ሒጅራ በተገደሉ ጊዜም ኡሙ አይመን እስላም በዚያ ቀን መድከሙን ተናግረው አለቀሱ። በዑስማን ዘመን መጀመሪያም ወደ አላህ ሄዱ፤ አላህ ይውደዳቸው።

ከዓመታት በኋላ የዑመር ልጅ ዐብደላህ በመስጊድ ተቀምጠው ሳለ፣ አንድ ሰው ገብቶ ሲሰግድ ዐዩ። ሩኩዑንም ሱጁዱንም ሳያሟላ ፈጥኖ ጨረሰ። ዐብደላህም ሰላቱን እንዲደግም አዘዙት። ሰውየው ዞር ካለ በኋላ ማን እንደ ኾነ ጠየቁ፤ ሐጃጅ የሚባል የአይመን ልጅ፣ የኡሙ አይመን የልጅ ልጅ መኾኑ ተነገራቸው። ዐብደላህም ነቢዩ ይህን ሰው ቢያዩት ኖሮ ይወዱት እንደ ነበር ተናገሩ፤ ነቢዩ ለኡሙ አይመንና ለልጆቻቸው የነበራቸውንም ፍቅር ያወሱ ጀመር።